አንድ እግር ችሎት፣ አንድ እግር ክፍል

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ይህን ተረት ጥብቅና እየቆመ በሚያስተምር የሕግ መምህር ላይ የሚወረውሩ አሉ። «ወይ ያስተምር፣ ወይ ይሟገት!» ይላሉ። እኔ ዲፕሎማዬ የጋዜጠኝነት እንጂ የሕግ አይደለም፤ ቢሆንም እሟገታቸዋለሁ።

ለመሆኑ በጥቁር አንበሳ በሽተኛ እያየ የሚያስተምረውን ሐኪም «ወይ አክም፣ ወይ አስተምር» ያለው ማን ነው? በሽተኛ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሐኪም ያወጣልን? አባቶቻችንስ በበላ ልበልሃ ዘመን ሙግት የለመዱት ችሎት ሥር ቆመው እየሰሙ አልነበረም?

ሕግ መጽሐፍ ላይ ተኝቶ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠውን የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ካደረገ ወዲህ፣ የሕጉን ቃል ብቻ የሚያነበንብ መምህር ግማሹን ሕግ ነው የሚያስተምረው። ችሎት የሚውል መምህር ሌላውን ግማሽ ያውቃል።

ለጠበቃው መምህር ያለኝ ጭብጨባ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ተማሪው ደብተሩን ዘርግቶ ሲጠብቅ «ዛሬ ቀጠሮ አለኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። መምህር ከክፍል ቢቀርስ? ምንም! ተማሪ መዝገብ አይዘጋ፣ ኪሳራ አያስቆርጥ። ሁለት ጌታ ያለው ሰው ደግሞ የሚሮጠው ወደሚቀጣው ነው።

«ደመወዙ አይበቃውማ!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አይበቃውም። ታዲያ የጎደለውን ተማሪው ለምን ይከፍላል?

ሐኪሙን ከጠበቃው የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሐኪሙ አልጋ ለአልጋ ሲዞር ተማሪዎቹን አስከትሎ ነው፤ ጠበቃው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ብቻውን ይሄዳል። እሱም ያስከትላቸው! የጻፈውን ክስ የደንበኛውን ስም ሸፍኖ ክፍል ያምጣው፤ የተረታበትንም ጭምር። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው አጥተው የሚንከራተቱ ድሆች አሉ፤ ተማሪዎቹ በእሱ እየታረሙ ይጻፉላቸው። ዩኒቨርሲቲውም የችሎቱን ቀን አይቶ ሰዓት ይደልድል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን መምህር «የት ነበርክ?» ብሎ ይጠይቅ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የመምህራን ጣጣ ብቻ እንዳይመስልህ። ባዶ ክፍል ውስጥ መምህሩን ሲጠብቅ የዋለው ልጅ ነገ ዳኛ ሆኖ ይሾማል። ያንተ የቤት ክርክር፣ የጎረቤትህ የቀለብ አቤቱታ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ሲሉን ኖረዋል። እስቲ መምህሩም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይቁምልን!