የሰሜኑ በረዶና የጣና ጭቃ

በባሕር ዳር፣ በፔዳ ግቢ አካባቢ ከሚገኙት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ የተማሪዎችን ወግ የሚያደምጥ ሰው፣ የምድር ዋልታ በረዶ መቅለጡ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል፤ አንደኛው «እሱ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዝናም ቢዘገይ፣ ዓሣ ቢጠፋ፣ እንቦጭ የተባለው አረም ቢስፋፋ፣ ሁሉን «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ የሚገላገል ነው።

ለፊተኞቹ መልሱ ያለው ከፔዳ ብዙም ከማይርቀው ከጣና ሥር ነው። ሳይንቲስቶች ከሐይቁ ወለል እየሰረሰሩ ያወጡት ደለል እንደሚመሰክረው፣ ከ17,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ የሰሜኑ በረዶ እየተገመሰ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ወርዶ ባሕሩን ባቀዘቀዘበት ዘመን፣ ዝናም አምጪው ነፋስ ደክሞ ጣና ደርቆ ነበር፤ ውኃው ጥቂት በጥቂት መመለስ በጀመረ ጊዜም፣ ዛሬ እጅግ ጥልቅ የሆነው መካከሉ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የበቀለበት ረግረግ ሆኖ ከሺህ ዓመታት በላይ ቆይቷል፤ ዳግመኛ ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ14,750 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። (መጽሐፈ ሔኖክን የተማሩ አባቶች ይህን ቢሰሙ እምብዛም የሚደነቁ አይመስለኝም፤ በረድና አስሐትያ የሚወጣባቸው ደጆች በሰሜን በኩል በምድር ዳርቻ እንዳሉ፣ ከእነዚያም የሚነሣው ነፋስ አንዳንዴ በረከት አንዳንዴም መዓት እንደሚያመጣ በግእዝ ሲነበብላቸው ኖሯልና።)

የኋለኞቹ ነገር ግን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ንግግራቸው የሊቅ ካባ የለበሰ ሰበብ ነውና። በ1995 ዓ.ም. ጣና ሸሽቶ ጀልባ ወደብ መድረስ ሲሳነው፣ ገበሬውም ውኃው የለቀቀውን መሬት ሲያርስ፣ የዝናም ማነስ እንደ ነበረ አይካድም፤ ነገር ግን በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ በተሠራው በጨረጨራ በር በኩል ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃ ያለ መጠን መለቀቁ ድርቁን አባብሶ ሐይቁን አጎደለው። እንቦጩም ቢሆን የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳር ከታየ ወዲህ እየጠገበ የተንሰራፋው፣ የመገጭ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ከየእርሻው ጠርገው በሚያወርዱት አፈርና ማዳበሪያ ነው። ሙቀቱ ያግዘው ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሥሩን በእጁ ሲነቅል፣ የግሪንላንድን በረዶ የሚከሰው የከተማ ሰው ከጉማራ በላይ ያለው ተዳፋት እርከን ይኑረው አይኑረው ወጥቶ አላየም።