ማጨጃውን የሚሸጥ መለዋወጫውንም ያቅርብ

ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ መኪና ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ሲያስቸግር፣ ገዢው ዕቃውን ነቅፎ ሻጩን ያማል። ነገር ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ይኸውም ከ30 ቀን በላይ ታንኩ ውስጥ የቆየ ቤንዚን ዝቃጭ ሠርቶ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳ ሲደፍን፣ ወይም በተበላሸ ጓርኒሲዮን በኩል ትርፍ አየር ሲገባ፣ ሞተሩ ነዳጅ ያንሰዋል። የፍጥነት መቆጣጠሪያውም ጉድለቱን ለመሙላት ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ሞተሩ ይዋዥቃል። መድኃኒቱ ካርቡራተሩን ማጽዳት፣ ጓርኒሲዮኑን መለወጥና ቤንዚኑን ማደስ ነው።

ስለዚህ ጓርኒሲዮንና የቤንዚን ፊልትሮ በመደብሩ ሳያኖር መኪናውን ብቻ የሚሸጥ አስመጪ፣ ዛሬ ቢያተርፍም ነገ ደንበኛውን ያጣል። መኪናው ሥራ ፈትቶ ከመቆሙ በፊት ቤንዚኑ እንዲወጣ ለገዢው መንገርም የሻጩ ፈንታ ነው። ምክሩ ገንዘብ አያስወጣም፤ የንግድ ስምን ግን ይጠብቃል።