ወይን ጠጅ ከማዕድ ሲለይ

ከካርቱም መሐል ከተማ በስተደቡብ በሚገኘው በካላክላ ሰፈር፣ ሰው ከሥራው ሲመለስ ጎራ ብሎ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጅ በትንሽ ሳሕን ከቀረበ የጣሊያን ምግብ ጋር የሚቀምስበት ቤት በይፋ ሊከፈት አልቻለም። ምክንያቱ የጠጪ መታጣት ሳይሆን የሕግ ክልከላ መሆኑ የታወቀ ነው። ክልከላው ያስከተለው ነገር ግን፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድ በሚሰጡ ሹማምንትና ገንዘባቸውን በዚህ ንግድ ላይ በሚያውሉ ነጋዴዎች ዘንድ ሊመረመር የሚገባው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1983 ድረስ በካርቱም የመጠጥ ንግድ በግልጽ ይካሄድ ነበር። የግሪክ ተወላጆች መደብርና ቡና ቤት ነበራቸው፤ ግመል የተባለው ቢራም እዚያው አገር ይጠመቅ ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ ባወጁ ጊዜ የተሰበሰበው መጠጥ አባይ ወንዝ ውስጥ ተደፋ። የእስልምና ሃይማኖት አስካሪ መጠጥን ለተከታዮቹ መከልከሉ የሚያከራክር አይደለም፤ አማኙ ከመጠጥ መራቁም የሚከበር ነው። ይሁን እንጂ መጠጥ በአዋጅ አልጠፋም፤ ከአደባባይ ወደ ጓሮ ተዛወረ እንጂ። ከተምር የሚወጣው አረቂና ከማሽላ የሚጠመቀው መሪሳ በስውር መሸጡን ቀጠለ። ሻጮቹም አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብና ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው የመጡ፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሌላ መተዳደሪያ ያላገኙ ሴቶች ነበሩ። በኦምዱርማን የሴቶች ወኅኒ ቤት ለብዙ ዓመታት ከታሰሩት የሚበዙት በዚሁ ጥፋት የተፈረደባቸው ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያትም ከመካከላቸው ይገኙ ነበር። ግብር የሚከፍለው ነጋዴ ሄደ፤ ጅራፍ የምትቀበለው ጠማቂ በቦታው ተተካች። በ2020 ሐምሌ ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች በግል እንዲጠጡ ተፈቀደ፤ በ2023 ሚያዝያ የፈነዳው ጦርነት ግን የካርቱምን ሕዝብ ከቤት ንብረቱ አፈናቀለ።

የወይን ጠጅ ቤት ሁሉ የስካር ቤት እንዳልሆነ ከጣሊያን ልማድ መረዳት ይቻላል። በቬኔስያ ባካሮ የሚባሉ ጠባብ የሰፈር ቤቶች አሉ። ብርጭቆዋ ትንሽ ናት፤ ስሟም ኦምብራ፣ ማለት ጥላ ነው። ከርሷ ጋር ቺኬቲ የተባለው ቅምሻ ይቀርባል፤ ይኸውም በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘጋጀ ሰርዲን፣ በዘይት ተመትቶ በዳቦ ላይ የተቀባ የደረቀ ዓሣ፣ ወይራና ፎርማጆ ነው። ምግብ በሆድ ውስጥ ሲኖር መጠጡ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ በመሆኑ፣ ልማዱ ከጨዋነት ሌላ ለጤናም ይበጃል።

ኢትዮጵያም ለእንዲህ ያለው ቤት የሚያስፈልገው ዋናው ነገር አላት። በ1943 የተቋቋመው የአዋሽ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱሚትን ለሕዝብ አስለምዷል፤ በዝዋይ የካስቴል ኩባንያ ያለማው የወይን እርሻም ከ2014 ጀምሮ ምርቱን ለገበያ አቅርቧል። ነጋዴው ሊያስብበት የሚገባው ሌላ ነው። የተከፈተ ጠርሙስ በጥቂት ቀን ውስጥ ጣዕሙን ስለሚያጣ፣ አነስተኛ ቤት ሃያ ዓይነት ከመደርደር ሦስት አራት ዓይነት ይዞ ቶሎ ቢሸጥ ይሻለዋል። ረቡዕና ዓርብም ሳሕኑ ባዶ አይሆንም፤ በነጭ ሽንኩርት የታሸ የተጠበሰ ዳቦ ከቲማቲምና ከዘይት ጋር የጾም ምግብ ነውና። ጣሊያኖቹ ይህን ብሩስኬታ ይሉታል፤ ወጪውም ከዳቦ ዋጋ ብዙ አይርቅም።

ሹማምንቱ ደግሞ ፈቃድ ሲሰጡ ምግብ የሚያቀርበውን ቤት መጠጥ ብቻ ከሚቀዳው ቢለዩ፣ ማድ ቤት ላለው ክፍያውን ቢያቀሉለት፣ የመዝጊያውንም ሰዓት ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተማክረው ቢወስኑ መልካም ነው። ጠላና አረቂ በየቤታቸው ለሚሸጡ ሴቶችም ይኸው በር ሊከፈትላቸው ይገባል፤ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ምድጃ የማይበልጥ ቤት ያላት ሴት የምትከፍለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መጠኑም ከአቅሟ ያላለፈ እንዲሆን።