ፈላጊ ጠፋ ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን የወጣው ጽሑፍ ለዶክትሬት ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ሞልቷል፣ የጠፋው ፈላጊው ነው ይለናል። ጸሐፊው ስኮላርሺፕን እንደ ሎተሪ ነው ያዩት፤ ብዙ የቆረጠ ይደርሰዋል!

ስዊድንን እንውሰድ። እዚያ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው ተቀጣሪ ነው። ደመወዝ ያገኛል፣ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ ቦታውም እንደማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ በማስታወቂያ ይወጣል። በጀርመንም ብዙዎች የሚማሩት በምርምር ፕሮጀክት ገንዘብ ተቀጥረው ነው፤ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት የዳአድ (DAAD) ድጋፍ ከበሮቹ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ «ስኮላርሺፕ» የሚል ቃል ሲፈልግ ሌሊቱ የሚነጋበት ወጣት ሰነፍ አይደለም፤ የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ነው የሚያድረው። በሩን ያሳዩት ደግሞ እንዲህ ያሉ መካሪዎች ናቸው።

አሜሪካ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ብዙ የሳይንስ ትምህርት ክፍሎች በማስተማር ወይም በምርምር ለሚያግዝ ተማሪ ወጪውን ይሸፍናሉ። ግን ከዚያ በፊት ማመልከቻውና የእንግሊዝኛ ፈተናው በዶላር ይከፈላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ብሩ ቢገኝ እንኳ ክፍያውን የሚፈጽም ካርድ ያስፈልጋል፤ ውጭ አገር ዘመድ የሌለውስ ማንን ያስቸግር? ጸሐፊው «አሥር ቦታ አመልክቱ» ሲሉ ሒሳቡን በየትኛው የመምህር ደመወዝ እንደሠሩት ቢነግሩን ጥሩ ነበር።