ያልተነገረው የመነጽር ጠባይ
ለአሶሳ ሰው፣ አዲስ አበባ ያሠራውን መነጽር «አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም፤ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የሩቁንም የቅርቡንም በአንድ ሌንስ የሚያሳየውን ፕሮግረሲቭ መነጽር የሚሸጥ ባለሙያ፣ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ጠርዙ እይታን እንደሚያዛባ ሊናገር ይገባል። ብልሽት አይደለም፤ ከላይ የሩቁ፣ ከታች የቅርቡ ኃይል ያለ መስመር ሲዋሃዱ መዛባቱ ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። በርናር ሜትናዝ የፈለሰፈው ቫሪሉክስ የተባለው ፕሮግረሲቭ ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ ከወጣ ወዲህ ሌንሱ ብዙ ቢሻሻልም መዛባቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ይህን ማንም ያልነገረው መምህር ደረጃ ሲወርድ እግሩ ሥር ያለው እርከን ይደበዝዝበታል፤ አስፋልት ሲሻገር በጎን የሚመጣው ባጃጅ ይንሻፈፍበታል፤ ሳምንት ሳይሞላው መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ሁለት ሳምንት ይለምደዋልና። ዓይንን ብቻ ሳይሆን ፊትን ወደሚታየው ነገር ማዞር፣ ደረጃ ላይ አገጭን ዝቅ ማድረግ፣ ከአሮጌው መነጽር ጋር አለማፈራረቅ ነው መላው። ከዚያም በኋላ ካዞረው ግን «ልመደው» ብሎ መሸኘት ነውር ነው፤ ፍሬሙ ፊቱ ላይ ሆኖ የእያንዳንዱ ዓይን ብሌን ርቀትና ከፍታ እንደገና ይለካለት፤ የጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት ንባቡን ያበላሽበታል።