የመከላከያ መድኃኒት ሙከራን ለሚነድፉና ለሚያጸድቁ



በመከላከያ ሙከራ ላይ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ባዶ ማስመሰያ) መስጠት በራሱ ነውር ነው አልልም። የተረጋገጠ መከላከያ በሌለበት፣ ከተሳታፊዎቹ ከፊሎቹ ባዶውን መውሰዳቸው እውነቱን ለማወቅ ሁነኛ መንገድ ነው። የምቃወመው የሚሠራ መከላከያ መኖሩ እየታወቀ «እዚህ አገር ድሮስ መች ያገኙታል?» እየተባለ ባዶው የሚሰጥበትን አሠራር ነው።

የኤችአይቪ መድኃኒቱን የኤዜድቲን ታሪክ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካና በፈረንሳይ የተደረገው ጥናት፣ መድኃኒቱ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን መጠን ከ25.5 ወደ 8.3 በመቶ እንደሚያወርድ አሳየ። ከዚያ በኋላም በአፍሪካና በእስያ ነፍሰ ጡሮች ባዶ እንክብል መዋጥ ቀጠሉ። ዓላማው አጭርና ርካሽ ሕክምና መፈለግ ነበር፤ ፍለጋው ተገቢ ነው። በ1994ቱ ጥናት የተሠራበት ረጅሙ ሕክምና ውድ ነበር፤ በምጥ ጊዜም በደም ሥር የሚሰጥ ነበረበት። መጠየቅ የነበረበት ግን አጭሩ ከረጅሙ ምን ያህል ያንሳል የሚለው ነው። ታይላንድ ውስጥ አንድ የጥናት ቡድን ይህንኑ ጠይቆ ያለ ፕላሴቦ ሠርቷል። እዚያው ባንኮክ በተካሄደው ሌላ ሙከራ ግን ባዶውን ከወሰዱት እናቶች ልጆች 18.9 በመቶው ተያዙ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 9.4። ከተያዙት ሊተርፉ የሚችሉ እንደሚኖሩ ሙከራው ሲጀመርም አይጠፋም ነበር።

ሐኪሞቹ ፒተር ሉሪና ሲድኒ ዎልፍ በ1997 ይህን ሲተቹ የተሰጣቸው መልስ ዛሬም ይደገማል፦ በአገሩ የተለመደው ሕክምና ምንም ስለሆነ የተጎዳ የለም፤ እናቶቹም ፈርመዋል። ድህነቱን ተመራማሪው አላመጣውም፤ እውነት ነው። ድህነቱን የጥናቱ መለኪያ ያደረገው ግን እሱ ነው። ሌላ ክትትል የማታገኝ ሴት ፊርማም ይህን ኃላፊነት ከትከሻው አያወርድለትም።

አማራጭ የለም እንዳትሉኝ። በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ የኤችአይቪ መከላከያው መርፌ ሌናካፓቪር ሲፈተን፣ መርፌውን የሚወጉት ባዶ እንክብል፣ የመከላከያ እንክብል የሚውጡት ደግሞ ባዶ መርፌ ተሰጥቷቸዋል፤ መከላከያ የተነፈገች ሴት ግን አልነበረችም። ያለ መከላከያ በቫይረሱ የሚያዙት መጠን የተገመተው በፕላሴቦ ቡድን ሳይሆን ለምዝገባ ከተመረመሩት ሴቶች ነው። በ2024 ውጤቱ ሲወጣ፣ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም።

ስለዚህ ቀጣዩ ፕሮቶኮል ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህ ንድፍ ገንዘቡን በሚከፍለው አገር ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። የማይፈቀድ ከሆነ ወደ መጣበት መልሱት።