ሰዓቱን እንደ ልማዳችን እንቍጠር፤ ሰከንዱን ግን አንንካ

ጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጧት ጎራ ያለ ተማሪ፥ ጎን ለጎን ከተደረደሩት ኮምፒዩተሮች አንዱ ሦስት ሰዓት፥ ሌላው ዘጠኝ ሰዓት፥ ሦስተኛው ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ቀን ሲያሳዩ ቢያገኝ አይደነቅ። የሦስተኛው ነገር ቀላል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆይለት ትንሿ ባትሪ ሞታለች። የእኔ ክርክር ከመጀመሪያው ጋር ነው።

እኛ ሰዓትን ከንጋት እንቈጥራለን፤ ኮምፒዩተር ከእኩለ ሌሊት ይቈጥራል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። «የአገራችንን ሰዓት ማክበር አይደለምን?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ማክበርስ ደግ ነበር። ነገር ግን ኮምፒዩተር ሰዓትን የሚፈልገው ለእኛ ለማሳየት ብቻ አይደለም። የባንክም ሆነ የኢሜይል ገጽ የሚያቀርበው የማንነት ምስክር ወረቀት ጊዜው መድረሱንና አለማለፉን የሚመረምረው በዚሁ ሰዓት ነው። በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠው የይለፍ ቍጥርም ሰዓቱ በተዛባ መሣሪያ ላይ ከቶ አይሠራም።

ከዚህ ይልቅ ብልሃተኛ የሆኑት የሰዓቱን ክልል ከአዲስ አበባ ወደ ቦነስ አይረስ ይለውጣሉ! ያች ከተማ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናትና፥ ጧት በሦስት ሰዓት ኮምፒዩተሩ 3፡00 ይላል፤ ቀኑም የሚለወጠው ንጋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እርግጥ የቀጠሮ መዝገቡ ባለቤቱን የአርጀንቲና ነዋሪ ያደርገዋል። ቢሆንም የተለወጠው መልኩ ብቻ ስለ ሆነ፥ በውስጥ የሚሄደው የዓለም ሰዓት አልተነካም።

ይህን የውስጡን ሰዓት ማን ያርመዋል? የኮምፒዩተሩን ጊዜ የምትጠብቀው ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ሙቀትና እርጅና ግን ያዛቧታል፤ በወር አንድ ደቂቃ ያህል ብትስት እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 ደንቡን ጽፈው ባወጡት ዘዴ፥ ኮምፒዩተሩ የላከበትን ጊዜ መዝግቦ በኔትዎርክ ወደ ሰዓት ሰርቨር ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩ ጥያቄው የደረሰበትንና መልሱን የላከበትን ጊዜ ጽፎ ይመልሳል። መልሱ የገባበት ጊዜ ሲጨመር አራት ይሆናሉ፤ ከአራቱም የመንገዱ መዘግየት ተሰልቶ ሰዓቱ ይታረማል። ስሌቱ መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ ይፈጃሉ ብሎ ይገምታል፤ መንገዱ ባሕር ተሻግሮ በረዘመ መጠን ግን ይህ ግምት ሊሳሳት የሚችልበት መጠንም ይሰፋል።

መንገዱ ጭራሹን ቢዘጋስ? በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፥ ሰዓቱን ከባሕር ማዶ ይጠይቅ የነበረ ኮምፒዩተር ሁሉ ከኳርትዙ ጋር ብቻውን ቀረ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናን የምንወስደው በኮምፒዩተር ነው፤ የመጨረሻዋ ደቂቃ ስንት እንደምታወጣ የተፈተነ ያውቃል።

እንግዲህ የተማሪዎች ኅብረታችን ሊጠይቅ የሚገባው ሩቅ ነገር አይደለም፤ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አንድ የራሱ የሰዓት ሰርቨር ይቁም ነው የምለው። አቶሚክ ሰዓት ከተሸከሙት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ጊዜውን በቀጥታ ስለሚቀበል ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራውን አያቋርጥም። ጣራ ላይ የሚሰቀለው አንቴናውም ከመመገቢያ ሳህናችን አይበልጥም።